አንድ ሪሲቨር፣ ሦስት ቲቪ፣ አንድ አማት

«ሰላም ወንድም፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤታችን ሳሪስ ነው። ሳሎን ትልቁ ቲቪ አለ፣ ልጆቹ ክፍል ስማርት የሆነው አለ፣ ሰርቪስ ቤት ደግሞ አማቴ ናቸው ያሉት፣ ከደብረ ብርሃን ለጉልበታቸው ሕክምና መጥተው ነው። እሳቸው ጋ ያለው የድሮ 32 ኢንች ነው፣ ኤችዲኤምአይ አለው እንጂ ስማርት አይደለም። ሪሲቨር ያለን አንድ ብቻ፣ እሱም ሳሎን። ባለቤቴ ሃርድ ዲስክ ሰክቶበት ያመለጠንን ሁሉ ይቀዳል። አማቴ ቀን ቀን ፊዚዮቴራፒ ስለሚሄዱ ድራማቸውን የሚያዩት ማታ ከተቀዳው ላይ ነው፣ ለዛ ብለው በዛ ጉልበታቸው ነጠላቸውን ተከናንበው ግቢውን አቋርጠው ይመጣሉ፣ ሲደርሱ ባሌ ዜና ላይ ነው፣ ከዜናው ቀጥሎ ውይይት አለ። ‘ግዴለም ልጄ፣ እኔ እንዲሁ ልጫወት ነው የመጣሁት’ ብለው ቁጭ ብለው ስለ ወደብ የሚደረግ ውይይት ያያሉ። አንጀቴን ይበሉታል። ባሌ ሌላ ዲሽ እንትከል ይላል። ወንድሜ ዲሽ ምን ያደርጋል፣ የተቀዳው በዋይፋይ ሁሉም ክፍል ይታያል ይላል። ባሌ ደግሞ ዋይፋያችን ሲም የሚገባበቱ ስለሆነ በሦስት ቀን ፓኬጁን ይጨርሰዋል ይላል። በዛ ላይ ዲስኩ ሲሞላ ልጆቹ የሳቸውን እያጠፉ የራሳቸውን ይቀዳሉ። እስቲ ፍረደን። ሪሞት ያጣች፣ ከሳሪስ»

ሪሞት ያጣሽው እህቴ፣ ከፓኬጁ ልጀምርልሽ፣ ምክንያቱም ቤታችሁን ይዞት ያለው ጭቅጭቅ እሱ ነው። ጌታው ባልሽ ይቅር ይበለኝና ተሳስቷል። እቤት ውስጥ ያለ ፋይል በዋይፋይ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲሄድ ከፓኬጁ ላይ አንድ ሜጋ አይነካም። ራውተሩ ሁለት ሥራ ነው የሚሠራው፣ አንደኛው ቤቱን ውጭ ካለው ኢንተርኔት ጋ ማገናኘት ነው፣ ሁለተኛው እቤት ያሉትን ዕቃዎች እርስ በርሳቸው ማገናኘት ነው፣ ሂሳብ የሚቆጠርብሽ በመጀመሪያው ብቻ ነው። ጀበናውን ከጓዳ ወደ ሳሎን ስትወስጂ የግቢው ዘበኛ ስምሽን አይመዘግብም አይደል፣ ከበር ስላልወጣሽ፣ እንደዛ ነው። ካላመነ ደግሞ እንዳትከራከሪው፣ ሲሙን ከራውተሩ አውጥታችሁ ሞክሩት። ኢንተርኔቱ ጥፍት ይላል፣ ከላፕቶፕ ወደ ልጆቹ ቲቪ የሚሄደው ድራማ ግን ምንም ሳይመስለው ይቀጥላል። እኔ ብዙ አባወራ ያሳመንኩት በዚች ነው። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት ግን ይቆጠራል፣ ቻናሎቹ ፕሮግራማቸውን እዛም ስለሚጭኑ ልጆቹ «ያው አይደል» ብለው ከዛ ከከፈቱት ጌታው ያለው ይደርሳል፣ እሱን ለዩት።

አሁን ወንድምሽ ጋ ልምጣ። ሐሳቡ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ዘሏል። እናንተ ቤት ያለው ዓይነት ሪሲቨር ዋይፋይ ቢኖረውም ዋይፋዩ ከውጭ ለመሳብ ነው እንጂ ዲስኩ ላይ ያለውን ለሌላ ክፍል ለማደል አይደለም፣ ማለቴ ዩቲዩብ ምናምን እንዲከፍት ነው አንቴናዋ የተሰካችው። እንደ ድሪምቦክስ ያሉ ሊኑክስ ላይ የሚሠሩት ይችላሉ፣ እነሱ እንደ ትንሽ ኮምፒውተር ናቸው፣ የኔትወርክ ገመድ ሰክተሽባቸው የቀዱትን ከሌላ ክፍል ትከፍቻለሽ፣ ግን ዋጋቸውም የኮምፒውተር ነው፣ ለዚህ ጉዳይ ብለሽ ሂጂና ግዢ አልልሽም። በርካሾቹ ላይ ደግሞ አንዳንዴ ጂ ኤም ስክሪን በሚባል አፕ ስልክሽ ላይ የቀጥታውን ስርጭት ማየት ትችያለሽ፣ ሜኑው ውስጥ ካለ ሞክሪው፣ ለልጆቹ ጨዋታ ነው፣ ለአማትሽ ግን አይሆንም፣ ሴትየዋ በስልክ መስኮት ድራማ እንዲያዩ አልፈልግም።

ስለዚ የወንድምሽ ነገር እንዲሠራ የተቀዳው ከሪሲቨሩ ዲስክ ወጥቶ ሁሉም ሊደርስበት የሚችል ቦታ መቀመጥ አለበት። ለሁለት ጌታ መገዛት አይቻልም እንደተባለው ዲስኩ እየቀዳም እያደለም አይሆንም፣ ወይ ሪሲቨሩ ላይ ነው ወይ ሌላ ቦታ።

እስቲ አንድ ቀን ዲስኩን ነቅለሽ (በሜኑ አስወጥተሽ፣ እየቀዳ ሳለ ብትመነጭቂው የቀዳው ሁሉ ይበላሻል) ላፕቶፕ ላይ ሰክተሽ ክፈቺው። አሊ ዲቪአር የሚል ዓይነት ስም ያለው ፎልደር ታያለሽ፣ የብዙዎቹ ሪሲቨሮች ቺፕ ከአንድ ቤት ስለሚወጣ ነው። ውስጡ በቻናሉ ስምና በቀን የተሰየሙ ነገሮች አሉ፣ እዛ ውስጥ ነው አማትሽ ያሉት። ፋይሎቹ መጨረሻቸው ቲኤስ ወይ ዲቪአር ይላል። ቲኤስ ከሆነ እድለኛ ነሽ፣ ቪኤልሲ የሚባለው የኮምፒውተር ማጫወቻ ይከፍተዋል፣ አብዛኛው ስማርት ቲቪም ይከፍተዋል። ዲቪአር ከሆነ ቲቪው «ፎርማቱን አላውቀውም» ሊልሽ ይችላል፣ አንዳንዴ ስሙን ወደ ቲኤስ ቀይረሽው ይከፈታል፣ አንዳንዴም እምቢ ይላል። የሁለት ሰዓት ነገር ሁለት ቦታ ተቆርጦ ካገኘሽው ደግሞ አትደንግጪ፣ ዲስኩ ፋት 32 በሚባለው ከተፎረመተ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ አያልፍም፣ ኤችዲ ቻናል በሰከንድ 6 ሜጋ ቢት ያህል ቢልክ ሰዓቱ 2.7 ጊጋ ነው፣ ስለዚ 95 ደቂቃ ገደማ ላይ ይቆርጥና አዲስ ይጀምራል፣ ድራማው አላለቀም፣ ሁለተኛውን ክፈቺ።

የጌታው ሐሳብስ? ሌላ ዲሽ ላልከው ጌታው፣ ሌላ ዲሽ አያስፈልግህም። የኛ ቻናሎች አብዛኞቹ ኢትዮሳት ላይ፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ባለችው ኤንኤስኤስ 12 ላይ ናቸው፣ ጣሪያችሁ ላይ ያለው ሳህን ወደዛው ነው የዞረው፣ ያው ሳህን ለሁለት ሪሲቨር ይበቃል። የሚቀየረው ኤልኤንቢው ነው፣ ሳህኑ ፊት ያለችው ሲግናሉን የምትቀበለው ዕቃ፣ ሁለት መውጫ ያለው ገዝቶ ሁለተኛውን ገመድ ወደ ሰርቪስ መሳብ ነው። እዚ ጋ ሰው የሚሳሳተው በአንድ መውጫ ኤልኤንቢ ላይ ርካሽ ማከፋፈያ ሰክቶ ሁለት ሪሲቨር ሲያገናኝ ነው፣ ያኔ አንዱ ክፍል ቻናል ሲቀይር የሌላው ክፍል ሲግናል ይጠፋል። ሪሲቨሩ ቀጥ ያለውን ሞገድ ሲፈልግ 13 ቮልት፣ አግድሙን ሲፈልግ 18 ቮልት ወደ ላይ ይልካል፣ ሁለቱ በአንድ ገመድ የተለያየ ቮልት ሲልኩ ያች አንዲት ኤልኤንቢ ማንን ትስማ። ይሄንን ሳላውቅ ወንድሜ ቤት ማከፋፈያ አስገብቼ ሁለት ሳምንት ሙሉ ጥፋቱን በዝናብ ሳመካኝ ነበር፣ ባለቤቱ እስካሁን ታነሳብኛለች።

ግን ሁለተኛ ሪሲቨር ብቻውን ያንቺን ችግር አይፈታም፣ ልብ በዪ። አማትሽ የሚፈልጉት የቀጥታውን አይደለም፣ የተቀዳውን ነው፣ የተቀዳው ደግሞ ሳሎን ነው ያለው። ከሳሎኑ ኤችዲኤምአይ ማከፋፈያ አውጥቶ ረጅም ገመድ ወደ ሰርቪስ መዘርጋትም አለ፣ አንዳንድ ባለሙያ ቶሎ የሚመክረው እሱን ነው፣ ግን እሱ አንዱን ምስል ነው ለሁለት የሚያደርገው፣ ጌታው ወደብ ሲያይ እሳቸውም በመኝታ ቤታቸው ወደብ ያያሉ። ተዪው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። አሮጌ ሪሲቨር ፈልጊ። ገመድ የሌለው፣ ዲሽ የሌለው፣ ኤችዲ የሆነ አሮጌ ሪሲቨር፣ የጎረቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ተጥሎም ይሆናል። ሪሲቨር የተቀዳ ነገር ለመክፈት ሲግናል አያስፈልገውም እኮ! «ሲግናል የለም» እያለ ይጮሃል እንጂ ፍላሽ ከሰካሽበትና የሪከርድ ዝርዝሩ ውስጥ ከገባሽ ድራማውን ቁጭ አድርጎ ያሳያል። ቲቪው «አላውቀውም» ያለውን የዲቪአር ፋይል ይከፍተዋል፣ ራሱ ቋንቋው ስለሆነ። የአማትሽ 32 ኢንች ቲቪ የራሱ ዩኤስቢ ቀዳዳ ቢኖረውም ብዙ የድሮ ቲቪ ላይ እሱ ለጥገና ብቻ ነው፣ ስለዚ እሱ ላይ አትመኪ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሪሞቱ አንድ ነው። አማትሽ የሳሎኑን ሪሞት ያውቁታል፣ ከመጡ ጀምሮ ይዘውት ከርመዋል፣ ከላይ ታች እሺ፣ አለቀ። እኔ አንድሮይድ ቦክስ ለሽማግሌ መግዛት ብሎ ነገር አልወድም፣ አንዴ የማይፈልጉትን ተጭነው ማስታወቂያ ውስጥ ይገባሉ፣ ከዛ መውጫው ይጠፋቸዋል፣ ቲቪውን አጥፍተው ይተኛሉ፣ ጠዋት «ተበላሽ» ይላሉ።

ስትገዢ ሁለት ነገር ተጠንቀቂ። ኤስዲ ብቻ የሆኑት የድሮዎቹ የአሁኑን የኤችዲ ቀረጻ አይከፍቱም፣ ድምፅ ብቻ ወይ ጥቁር ምስል ነው የሚሰጡሽ። ሁለተኛ፣ የተለያየ ቺፕ ከሆነ የሳሎኑን ፋይል ላያውቅ ይችላል፣ ስለዚ ከሳሎኑ ሪሲቨር የተቀዳ አንድ ድራማ በፍላሽ ይዘሽ ሂጂና እዛው ሱቁ ላይ አስከፍቺው፣ መርካቶም ይሁን ሌላ ቦታ፣ «ይከፍታል እመኚኝ» ቢልሽ ፈገግ ብለሽ አስከፍቺው። ዋጋ አልጽፍልሽም፣ እስክታነቢው ይቀየራል። በኋላ ጌታው እምቢ ካለና ባለ ሁለት መውጫ ኤልኤንቢውን ካስገባ ደግሞ ያው ሪሲቨር ገመዱን ይቀበልና የቀጥታውንም ያሳያቸዋል፣ እዛው ፍላሻቸው ላይ የራሳቸውን መቅዳትም ይችላሉ፣ ያኔ የጌታውም ሐሳብ ከንቱ አልቀረም።

ፍላሽ ሁለት ይኑርሽ፣ 64 ጊጋ 64 ጊጋ ይበቃል። አንዱ ሰርቪስ ሆኖ ሲታይ ሌላው ሳሎን ይሞላል፣ በነጋታው ይቀያየራሉ፣ እንደ ጋዝ ሲሊንደር። ባዶ ሆነው ሲመጡ እዛው ሪሲቨሩ ሜኑ ውስጥ ፎርማት አድርጊያቸው፣ ላፕቶፕ ላይ የተፎረመተ አንዳንዴ አይገባላቸውም። 1 ቴራ ፍላሽ በሻይ ዋጋ የሚሸጥልሽ ካለ እለፊው፣ ላዩ ላይ ቴራ ይላል፣ ኮምፒውተሩም ቴራ ይላል፣ ውስጡ ግን ጥቂት ጊጋ ነው፣ ከዛ በላይ የጻፍሽው ሁሉ ሜዳ ላይ ይፈሳል፣ የምታውቂው ድራማው መሀል ላይ ቀጥ ሲል ነው።

ሳሎን ያለው ሪሲቨር ሁለት ዩኤስቢ ካለው ዲስኩ አንዱ ላይ ፍላሹ ሌላው ላይ ሆኖ የሳቸው ድራማ በቀጥታ ፍላሹ ላይ እንዲቀዳ ማድረግ ትችያለሽ። አንድ ብቻ ካለው ግን መሀል ላይ ላፕቶፕ ያስፈልጋል፣ ዲስኩን ላፕቶፕ ላይ ሰክቶ ወደ ፍላሽ መገልበጥ፣ ለአንድ ሰዓት ድራማ አምስት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ይሄን ሥራ ለትልቁ ልጅሽ ስጪው። የሳቸውን ድራማ ሲያጠፋ የነበረው እሱ ከሆነ ደግሞ በደስታ ስጪው።

ላፕቶፑ ከመጣ አይቀር የልጆቹ ክፍልና ሳሎኑ በዚያው ይጠቃለል። ባትሪው የሞተ፣ ስክሪኑ የተሰነጠቀ አንድ ላፕቶፕ የሌለበት ቤት አላውቅም፣ እሱን ራውተሩ አጠገብ አስቀምጪው፣ ከተቻለ በኔትወርክ ገመድ ራውተሩ ላይ ሰኪው። ወንድምሽ ጄሊፊን የሚባል ነፃ ፕሮግራም ይጫንበት፣ ከ2018 ጀምሮ ያለ ነው፣ ክፍያ ምናምን የለውም። ድራማዎቹን አንድ ፎልደር ውስጥ ስትከችለት እሱ ለቤቱ ቲቪዎች ሁሉ ያድላል፣ ስማርቱ ላይ አፑ ካለ በአፑ፣ ከሌለ ወንድምሽ የጄሊፊንን ዲኤልኤንኤ የሚባል ተጨማሪ ይጫንበትና ቲቪው ራሱ የሚዲያ ዝርዝሩ ውስጥ ላፕቶፑን ያገኘዋል። የምወድለት ነገር የት እንዳቆምሽ ማስታወሱ ነው፣ ልጅሽ ክፍሉ ውስጥ ጀምሮ 23ኛው ደቂቃ ላይ «እራት» ብለሽ ብትጠሪው፣ በኋላ ሳሎን በአፑ ሲከፍተው ከ23ኛው ይቀጥላል። ከፍላሹ ጋ የሚለየው እሱ ነው። ዋይፋዩ ይችለው ይሆን ብለሽ ደግሞ አትጨነቂ፣ 6 ሜጋ ቢት ምንም አይደለም፣ ተራው 2.4 የሚባለው ዋይፋይ እንኳን ይሸከመዋል። ችግሩ ፍጥነቱ ሳይሆን መድረሱ ነው፣ ሳሎንና ሰርቪስ መሀል ሁለት የብሎኬት ግድግዳና ግቢው አለ፣ ለዛ ነው ለአማትሽ ዋይፋዩን ያልመረጥኩላቸው። ወደፊት እሳቸውም ጋ ይድረስ ካላችሁ ካት 6 የሚባለውን የኔትወርክ ገመድ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርጋችሁ በግድግዳው አሳልፉት፣ እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፣ የናንተ ግቢ ሀያ ሜትርም አይሞላም።

ልጆቹ ስማርት ቲቪው ላይ የሪከርድ ቁልፍ አይተው «እዚህ እንቅዳ» እንዳይሉሽ ደግሞ፣ ቲቪ ራሱ የቀዳው ነገር አብዛኛውን ጊዜ ተቆልፎ ነው የሚቀመጠው፣ ያ ቲቪ ብቻ ነው የሚከፍተው፣ ሌላ ክፍል ወስደሽ ብትሰኪው ባዶ ዲስክ ይመስላል። ደግሞም በኤችዲኤምአይ የገባለትን አይቀዳም። ከዛ ላፕቶፕ ላይ ወደ ቴሌግራም ቻናል መጫን የሚል ሐሳብ ከመጣላቸውም ገና በጠዋቱ ተቆጪ፣ ለራስ ብሎ እቤት መቅዳትና ለሕዝብ መበተን በቅጂ መብት አዋጁ፣ በ410/1996፣ አንድ አይደሉም።

አሁን ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ነገር፣ ሰዓቱ። አባቴ በሕይወት ሳለ የማታ 2 ሰዓት ዜና ቅዳልኝ ብሎኝ ታይመሩ ላይ 02:00 አስገባሁለት፣ ጠዋት ተነስቶ ከፈተው፣ ሪሲቨሩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ተነስቶ አንድ ሰዓት ሙሉ የድሮ ሙዚቃ ቀድቶለታል። ምንም አላለኝም፣ እስከ ጥላሁን ድረስ አዳምጦት «ዜናው ጥሩ ነበር» ብሎኝ ወጣ። ሪሲቨሩ የፈረንጅ ሰዓት ነው የሚያውቀው፣ በ24 ነው የሚቆጥረው፣ ማታ 2 ሰዓት 20:00 ነው፣ ማታ 3 ሰዓት 21:00። የሰዓት ቀጠናው ፕላስ 3 መሆኑን እዪ፣ የበጋ ሰዓት የምትለዋ ነገር ደግሞ ጠፍታ ትቀመጥ፣ እኛ ጋ የለችም፣ በርታ ከሆነ ሁሉንም ነገር በአንድ ሰዓት ያዛባዋል። ከሁለቱም ጎን አምስት አምስት ደቂቃ ጨምሪ፣ ቻናሎቻችን በሰዓታቸው ይጀምራሉ ብለሽ አትማይ። ማታ ስትተኙ ደግሞ ሪሲቨሩን በሪሞት አጥፉት እንጂ ከመብራት ማከፋፈያው አትንቀሉት፣ ካልነቀላችሁት በሰዓቱ ራሱ ይነሳል፣ ከነቀላችሁት ምን ብሎ ይነሳ።

ሌላው መብራት ነው። እየቀዳ ሳለ መብራት ከሄደ የቀዳው ብዙውን ጊዜ አይከፈትም፣ አንዳንዴ ዲስኩንም ይዞት ይሄዳል። የሪሲቨሩን አዳፕተር ገልብጠሽ እዪው፣ 12 ቮልት የሚል ከሆነ ለራውተር የሚሸጡት ትናንሾቹ ዩፒኤሶች፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚይዙት፣ እሱንም ሊይዙት ይችላሉ፣ አምፔሩን ግን አዳፕተሩ ላይ ካለው ጋ አስተያዪ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካለው ደግሞ ኃይል አንሶታል ማለት ሊሆን ይችላል፣ የሪሲቨር ዩኤስቢ ደካማ ነው፣ የራሱ ኃይል ያለው ዩኤስቢ ማባዣ ግዢለት። ክረምት ላይ ከባድ ዝናብ ሲመጣ የሚቆራረጠው ግን ያንቺም የሪሲቨሩም ጥፋት አይደለም፣ ዳመናው ነው፣ በማግስቱ ድጋሚውን መቅዳት ነው ያለው።

የሚጠፋውን በተመለከተ፣ ብዙዎቹ ሪሲቨሮች የሪከርድ ዝርዝሩ ውስጥ አንዱን መርጠሽ መቆለፍ ያስችላሉ። የይለፍ ቁጥሩ ካልቀየራችሁት 0000 ነው፣ ልጆቹ ያውቁታል፣ ማወቃቸውን አትጠራጠሪ፣ ቀይሪውና ለጌታውም አትንገሪው። ዲስኩ 500 ጊጋ ከሆነ ደግሞ በኤችዲ ወደ 180 ሰዓት ይይዛል፣ ይሄ ሁሉ ሞልቶ ቦታ ጠበበ ካሉሽ ያዩትን የማያጠፋ ሰው አለ ማለት ነው፣ ዝርዝሩን ከፍተሽ ቀኑን እዪው፣ ያለፈው ዓመት የፋሲካ ፕሮግራም ከተገኘ ተጠያቂው ልጆቹ ላይሆኑ ይችላሉ።

አንድ ነገር ግን ከመግዛትሽ በፊት። «እንዲሁ ልጫወት ነው የመጣሁት» ያሉት እውነታቸውን ቢሆንስ? ደብረ ብርሃን ቤታቸው ማታ ሰው ይሞላ ይሆናል፣ እዚህ ሰርቪስ ቤት ከቲቪ ጋ ብቻቸውን ልታስቀምጫቸው ትችያለሽ፣ ጉልበታቸው ደህና ይሆናል ማታው ግን ይረዝምባቸዋል። ስለዚ ጠይቂያቸው፣ በባልሽ ፊት አይደለም፣ ቡና ላይ ብቻችሁን። «እማ፣ ድራማው እዚሁ ቢመጣልዎት ይሻላል ወይስ ሳሎን አብረን ብናየው» በያቸው። ሳሎን ካሉ መፍትሔው ሪሲቨር አይደለም፣ ዜናውን ቀድቶ ከድራማው በኋላ የሚያይ ባል ነው፣ ታይመር መሙላት እንደሆነ አሁን ተምሯል፣ 20:00።

እዚሁ ካሉሽ ደግሞ የሳሎኑን ሪሲቨር ጀርባና የአዳፕተሩን ጽሑፍ በስልክሽ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ስንት ዩኤስቢ እንዳለው አይቼ የትኛው ዓይነት አሮጌ ሪሲቨር እንደሚስማማው እነግርሻለሁ። ፎቶው ላይ አቧራውን ጥረጊለት፣ ባለፈው አንዷ የላከችልኝ ላይ ቁጥሩን ለማንበብ ግማሽ ቀን ነው የፈጀብኝ።